ቴኒስን በጎልማሳ ዕድሜ መጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ራኬት ጨብጠው የማያውቁ ወይም ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ያሉ ጎልማሶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ዕድሜዬ ከ40 አልፏል። አሁን ብጀምር አይረፍድብኝም?

አይረፍድም። ቴኒስ በዕድሜ ተከፋፍለው የሚጫወቱት ስፖርት ነው፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን 80 ዓመት ላለፋቸው ተወዳዳሪዎች ሳይቀር ምድብ አለው። ጎልማሳ ጀማሪ ከልጅ የሚበልጥበት ነገርም አለ፦ የተነገረውን ቶሎ ይረዳል፣ ለምን እንደተሳሳተ ይጠይቃል፣ አንድን ነገር ደጋግሞ ለመሥራት ትዕግሥት አለው።

የሚያንሰው በጅማትና በመገጣጠሚያ ነው። ትንፋሽና ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን «አሁንማ ለመድኩት» ብለው በየቀኑ መጫወት ሲጀምሩ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። ከመጀመርዎ በፊት 10 ደቂቃ ያሟሙቁ፦ ቀላል ሶምሶማ፣ ወደ ጎን መንሸራተት፣ ትከሻ ማዞር፣ ጉልበት አጥፎ መራመድ። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ቴኒስ ድንገት መነሳትና ድንገት መቆም የበዛበት ጨዋታ ነውና።

ኳስ መመላለስ እስክችል ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል?

በየትኛው ኳስ እንደጀመሩ ይወሰናል። በመደበኛው ቢጫ ኳስና በሙሉ ሜዳ ከጀመሩ ሳምንታትን ኳስ በመልቀም ሊያሳልፉ ይችላሉ። በዝግተኛ ኳስና በአጭር ሜዳ ከጀመሩ ግን ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጥቂት ኳሶችን ይመላለሳል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2007 ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) እንዲያደርጉ፣ እንዲመላለሱና ነጥብ እንዲቆጥሩ የሚል ዘመቻ የጀመረው በእነዚህ ዝግተኛ ኳሶች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ኳሶቹ ሦስት ናቸው። ቀዩ ከመደበኛው 75 በመቶ ያህል የዘገየ ሲሆን 11 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ሜዳ ይጫወቱበታል። ብርቱካናማው 50 በመቶ የዘገየ ነው፤ ሜዳው 18 ሜትር ገደማ ነው። አረንጓዴ ነጥብ ያለበት 25 በመቶ የዘገየ ሲሆን በሙሉ ሜዳ ያገለግላል። «ይሄ የልጆች ነው» ብሎ የሚያፍር ጎልማሳ ብዙ ነው፤ ማፈር ግን አያስፈልግም። ዝግተኛ ኳስ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ለመሥራት ጊዜ ይሰጣል፤ ፈጣን ኳስ ግን ሰውነት በችኮላ የተበላሸ ምት እንዲለምድ ያደርገዋል፤ የተለመደውን ማስለቀቅ ደግሞ ከማስተማር ይከብዳል። ከአጋርዎ ጋር ሳይቋረጥ 10 ጊዜ መመላለስ ሲቀልልዎ ወደ ቀጣዩ ኳስ ይሻገሩ።

የትኛውን ራኬት ልግዛ?

ርዝመቱ መደበኛው 68.5 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ያለ ክር ከ260 እስከ 285 ግራም፣ የራሱ ስፋት ከ645 እስከ 680 ስኩዌር ሳንቲሜትር (ራኬቱ ላይ በኢንች ከ100 እስከ 105 ተብሎ የሚጻፈው) ቢሆን ለአብዛኛው ጎልማሳ ጀማሪ ይስማማል። በጣም የቀለለ ራኬት ምቹ ይመስላል እንጂ ኳስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ ንቅናቄውን የሚውጠው ክንድዎ ነው። ከ310 ግራም በላይ የሆነው ደግሞ ያዘገይዎታል።

የእጀታው ውፍረት ከምርት ስሙ ይልቅ ትኩረት ይሻል። ራኬቱን ይጨብጡና በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ ሥር መካከል የሌላኛውን እጅ ሌባ ጣት ያስገቡ። ልክክ ብሎ ከገባ ልክዎ ነው። ጣቱ ካልገባ እጀታው ቀጭን ነው፤ ሰፊ ክፍተት ከተረፈ ወፍራም ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆኑ ትንሹን ይውሰዱ፤ ቀጭን እጀታ በመጠቅለያ ይወፍራል፣ ወፍራሙን ማቅጠን ግን አስቸጋሪ ነው።

ክሩን ሲያስወጥሩ ለስላሳ ባለብዙ ዘለላ ወይም መደበኛ ናይለን ክር በ22 እና በ24 ኪሎ መካከል ይዘዙ። ባለሙያ ተጫዋቾች የሚወዱት ፖሊስተር ደረቅ ነው፤ ጥቅሙ የሚወጣው ራኬቱን በኃይል ለሚወነጭፍ ሰው ነው፤ ለጀማሪ የሚተርፈው የክርን ሕመሙ ነው።

የሩጫ ጫማ አይበቃም?

አይበቃም። በዚህ ጉዳይ ላይ ቁጠባ አይመከርም። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደፊት ለመሄድ ነው፤ ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው። በቴኒስ አብዛኛው እንቅስቃሴ ወደ ጎን ነው። ወደ ጎን ሮጠው ድንገት ሲቆሙ ለስላሳው ተረከዝ ይታጠፍና ቁርጭምጭሚት ይዞራል። የቴኒስ ጫማ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ጠንካራ፣ ሶሉም በጎን በኩል ሰፋ ያለ ነው። ለአፈር ሜዳ ጥቅጥቅ ያለ የዚግዛግ መስመር ያለው ሶል፣ ለአስፋልት መሰል ጠንካራ ሜዳ ደግሞ ቶሎ የማያልቅ ወፍራም ጎማ ይመረጣል። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ያለዚያ በየማቆሚያው ጥፍርዎ እየተገጨ ይጠቁራል።

ኳስ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው ኳስ ውስጡ የታመቀ አየር አለው፤ ከተከፈተ በኋላ ባይጫወቱበትም ቀስ በቀስ ይተነፍሳል። በደንቡ መሠረት ኳስ ከ254 ሳንቲሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲሜትር መንጠር አለበት፤ ማለትም ከተለቀቀበት ከግማሽ በላይ። ከራስዎ ቁመት ይልቀቁትና እስከ ቁመትዎ ግማሽ የማይነጥር ከሆነ ለጨዋታ አልፏል፤ ለሰርቭ ልምምድ ግን ይሆናል። ብቻዎን ብዙ የሚለማመዱ ከሆነ አየር የማይሞላበት ዓይነት ኳስ ይግዙ፤ ጠንከር ይላል፣ ግን አይተነፍስም።

ራኬቱን እንዴት ነው የምይዘው?

እጀታው ክብ አይደለም፤ ስምንት ጠፍጣፋ ጎኖች አሉት። አያያዝ የሚለየው የሌባ ጣትዎ ሥር ያለው አንጓ በየትኛው ጎን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ለፎርሃንድ (በሚጫወተው እጅ በኩል ለሚመታው ምት) ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ራኬቱን በሌላው እጅ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ መዳፍዎን ክሩ ላይ ይለጥፉት፣ መዳፍዎን ሳያዞሩ ወደ እጀታው ያንሸራቱትና ይጨብጡ። አሁን መዳፍዎ ወደ ዞረበት የራኬቱም ፊት ይዞራል። ለሰርቭና ለቮሊ (ኳሱ ሳይነጥር ለሚመታው ምት) ግን ራኬቱን በጠርዙ አቁመው መዶሻ እንደሚይዙ ይያዙት። ብዙ ጀማሪ ሰርቩንም በፎርሃንድ አያያዝ ይመታል፤ መጀመሪያ ይቀልላል፣ ከወራት በኋላ ግን ኳሱን ማሽከርከር አይችልም፣ እዚያው ይቆማል።

አጨባበጡ ይላላ። እስከ መጨረሻ አጥብቆ መጨበጥን 10 ብንለው፣ በምቶች መካከል 3 ወይም 4 ይበቃል፤ ኳሱን ሲመታ እጅ በራሱ ይጠብቃል። በየምቱ መካከል ነፃው እጅ የራኬቱን አንገት ይያዝ፦ የሚጫወተው እጅ ያርፋል፣ አያያዝ መለወጥም ይቀልላል።

ኳሴ ወይ መረብ ላይ ነው ወይ ከሜዳ ውጭ። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ኳስ የሚሄደው የራኬቱ ፊት በመቱበት ቅጽበት ወደ ተመለከተበት ነው። ክሩና ኳሱ የሚነካኩት ከሰከንድ አንድ መቶኛ ለሚያንስ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ጉልበት ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ፊቱ የት ነበር የሚለው ነው። ኳሱ በረጅሙ ከወጣ ፊቱ ወደ ሰማይ ተከፍቷል፤ አብዛኛውን ጊዜም መንስኤው ኳሱን ከሰውነት ጎን ወይም ከኋላ መምታት ነው፤ ዘግይተው ሲመቱ ሰውነት ወደ ኋላ ይዘነበላል፣ ፊቱም አብሮ ይከፈታል። መረብ ውስጥ ከገባ ፊቱ ወደ መሬት ተዘግቷል ወይም ራኬቱ ከኳሱ በታች ሳይወርድ ነው የመታው።

መምቻውን ቦታ ለማወቅ ራኬቱን ያስቀምጡና አጋርዎ ኳስ ይወርውርልዎ። ከነጠረ በኋላ በባዶ እጅዎ፣ ከፊትዎ፣ በወገብ ከፍታ ይያዙት። ክንድዎ ዘርጋ ብሎ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ የተያዘበት ቦታ የመምቻው ቦታ ነው። ከ20 ጊዜ በኋላ ራኬቱን ያንሱና እዚያው ቦታ ላይ ይምቱት። ራኬቱ ከኳሱ በታች ይጀምር፣ ወደ ላይና ወደፊት ይውጣ፣ በተቃራኒው ትከሻ ላይ ይጨርስ። ቶፕስፒን የሚባለው ኳሱን ወደፊት የሚያሽከረክረው ምት ከዚህ ይወለዳል፤ ከፍ ብሎ የሄደውን ኳስ ወደ ሜዳው የሚያወርደውም እሱ ነው።

ዒላማዎን ደግሞ ከመረቡ በላይ አንድ ሜትር ያድርጉት፤ መረቡን ለጥቂት ማለፍ የጀማሪ ግብ አይደለም። ወደ ሰያፍ ይምቱ። መረቡ መካከሉ ላይ 91.4 ሳንቲሜትር ሲሆን ምሰሶዎቹ ጋ 1.07 ሜትር ነው፤ የነጠላ ሜዳ ቀጥታ ርዝመት 23.77 ሜትር ሲሆን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ከ25 ሜትር ያልፋል። ሰያፍ ምት ዝቅ ያለ መረብና ረዘም ያለ ሜዳ በአንድ ላይ ይሰጥዎታል።

ሁልጊዜ ኳሱ ይቀድመኛል። ፍጥነት ስለሌለኝ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም፤ ዘግይተው ስለሚነሱ ነው። ተጋጣሚዎ ኳሱን ሊመታ ሲል ትንሽ ብድግ ይበሉና ሲመታው በሁለቱም እግሮችዎ፣ ከትከሻ ስፋት ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ በጣቶችዎ በኩል ይረፉ። ይህች ትንሽ ዝላይ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ለመነሳት ታዘጋጃለች። እግራቸውን ተክለው የሚጠብቁ ሰዎች ኳሱ መረቡን ካለፈ በኋላ ነው የሚነቁት።

ሁለተኛው ምክንያት ራኬቱን ዘግይቶ ማዘጋጀት ነው። ኳሱ ወደ ቀኝ እንደመጣ ሲያዩ መጀመሪያ ትከሻዎን ያዙሩ፤ ራኬቱ አብሮ ይሄዳል። ኳሱ በእርስዎ በኩል መሬት ሲነካ ራኬቱ ወደ ኋላ ተወስዶ መጠበቅ አለበት። ለዚህ አንድ ጥሩ ልምምድ አለ፦ ኳሱ ሲነጥር «ነጠረ»፣ ሲመቱት ደግሞ «መታሁ» እያሉ ጮክ ብለው ይናገሩ። ሁለቱ ቃላት ተደራርበው ከወጡ ዘግይተዋል ወይም ለኳሱ በጣም ቀርበዋል። በመካከላቸው ጸጥታ ካለ ጊዜ አለዎት።

ባክሃንድ (ከሚጫወተው እጅ በተቃራኒው ጎን የሚመታው ምት) በአንድ እጅ ይሻላል ወይስ በሁለት?

ለአብዛኛው ጎልማሳ ጀማሪ በሁለት። ሁለተኛው እጅ የራኬቱን ፊት ያረጋጋል፣ ትንሽ ቢዘገዩም ኳሱን ያድናል፣ በትከሻ ከፍታ የሚመጣ ኳስንም ለመቋቋም ይረዳል። የአንድ እጁ ኳሱን በጣም ከፊት ማግኘት ይጠይቃል፤ ትንሽ ከዘገየ ጫናው በቀጥታ ክርን ላይ ያርፋል። ወገባቸውን ወይም ግራ ትከሻቸውን እንደልብ ማዞር ለማይችሉ ሰዎች ግን አንድ እጅ የተሻለ ይሆናል።

በሁለት እጅ ሲመቱ ሥራውን የሚመራው የላይኛው እጅ ነው፤ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ግራው ማለት ነው። ኳሶችን በግራ እጅ ብቻ ፎርሃንድ እየመቱ ይለማመዱ። ስሜቱ ሲገባዎት ቀኙን ከሥር ይጨምሩ።

ሰርቭ ለምን እንዲህ ይከብዳል? እንዴት ልማረው?

የሚከብደው ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ የተለያየ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። ግን በቴኒስ ውስጥ ተጋጣሚ የማይረብሽዎት ምት እሱ ብቻ ነው፤ ብቻዎን ሊለማመዱት የሚችሉትም እሱ ነው።

ከወርዋሪው እጅ ይጀምሩ። ኳሱን በጣቶችዎ ጫፍ ይያዙ እንጂ በመዳፍዎ አይደብቁት። ክንድዎን ሳያጥፉ ከጭንዎ ወደ ላይ ያንሱና ግንባርዎ ላይ ሲደርስ ጣቶችዎን ይክፈቱ። በአንጓ የተወረወረ ኳስ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በትክክል የተለቀቀ ኳስ ግን ብዙም ሳይዞር ይወጣል። ከፍታው ራኬቱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከሚደርስበት ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ሳይመቱት ይተዉትና የት እንደሚያርፍ ይዩ፦ ከፊተኛው እግርዎ ጫፍ 30 ሳንቲሜትር ያህል ፊት ለፊት፣ ወደ መቺው እጅ ትንሽ ዘንበል ብሎ ማረፍ አለበት። ውርወራው መጥፎ ከሆነ አይምቱት። ደንቡ ኳሱን እንደገና መያዝ ይፈቅዳል፤ መጥፎ ውርወራን ማሳደድ ሰርቭን ከምንም በላይ ያበላሻል።

ቀጥሎ ራኬቱን ከራስዎ ጀርባ፣ ክርኑን በትከሻ ከፍታ አድርገው ይጀምሩ። ከሰርቭ ሳጥኑ (ሰርቭ የሚያርፍበት የሜዳ ክፍል) መስመር ላይ ቆመው፣ ማለትም ከመረቡ 6.40 ሜትር ርቀው፣ 10 ኳስ በሰያፍ ሳጥኑ ውስጥ ያስገቡ፤ ከ10 ሰባቱ ሲገባ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ራኬቱ በጠርዙ ወደ ኳሱ ወጥቶ በመጨረሻው ሰዓት ክንድዎ ይዙር፤ መዳፍዎ ወደ ውጭ ያያል። ኳሱ መረብ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብዙ ጊዜ አገጭዎን ቶሎ ስላወረዱ ወይም ኳሱን በጣም ሲወርድ ስለመቱት ነው። ሳጥኑን አልፎ ከሄደ ውርወራው ከራስዎ ኋላ ነው። ሁለተኛውን ሰርቭ (የመጀመሪያው ሲሳሳት የሚሞከረውን) በፍርሃት ገፋ አያድርጉት፤ ራኬቱን በተመሳሳይ ፍጥነት ይወንጭፉ፣ ግን የኳሱን ጎን እየጠረጉ። ከእጅ በታች ሰርቭ ማድረግም ሕጋዊ ነው፤ ትከሻ ለሚያመው ሰው መፍትሔ ነው።

ነጥብ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

በአንድ ጨዋታ ውስጥ 0፣ 15፣ 30፣ 40፣ ከዚያ ማሸነፍ። የሰርቭ አድራጊው ነጥብ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠራል፤ 30 ለ 15 ማለት ሰርቭ አድራጊው 30 አለው ማለት ነው። 40 እኩል ከሆኑ «ዲውስ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ተከታታይ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። 6 ጨዋታ ቀድሞ በሁለት ልዩነት የደረሰ «ሴቱን»፣ ማለትም የግጥሚያውን አንድ ምዕራፍ፣ ይወስዳል፤ 6 እኩል ሲሆኑ በታይብሬክ ይለያያሉ፦ 7 ነጥብ ቀድሞ በሁለት ልዩነት የደረሰ። በታይብሬክ የመጀመሪያው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሰርቭ ያደርጋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ሜዳ የሚቀየረው የጨዋታዎቹ ድምር ጎዶሎ ሲሆን ነው፦ ከ1ኛው፣ ከ3ኛው፣ ከ5ኛው በኋላ።

ክርኔን ከውጭ በኩል ያመኛል። መጫወት ላቁም?

ሕመሙ ከክርን ውጫዊ አጥንት ላይ ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ፣ ኩባያ ሲያነሱ ወይም በር ሲከፍቱም የሚሰማዎት ከሆነ፣ «የቴኒስ ክርን» የሚባለው ሊሆን ይችላል። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ጅማት ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚመጣ ነው። መንስኤዎቹ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የተመታ ባክሃንድ፣ አጥብቆ መጨበጥ፣ ደረቅ ክር፣ ወይም የጨዋታ ሰዓትን በድንገት ማብዛት ናቸው።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሱ፣ ለጊዜው ባክሃንዱን በሁለት እጅ ይምቱ፣ ክሩን ወደ ለስላሳ ይቀይሩና ውጥረቱን በ2 ኪሎ ያውርዱ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ፣ እጅዎ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ 1 ኪሎ ያህል ክብደት ይያዙ፤ በሌላው እጅ ወደ ላይ ያንሱትና በመቺው እጅ ብቻ ቀስ ብለው ያውርዱት፦ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ጣት ከደነዘዘ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት ወይም በጥቂት ሳምንታት ካልቀለለ ግን ሐኪም ይየው።

በልምምድ ደህና ነኝ፤ ነጥብ ሲቆጠር ለምን እበታተናለሁ?

በልምምድ ኳሱ ተስተካክሎ ይመጣልዎታል፤ በጨዋታ ግን ማንም አያስተካክልልዎትም። ሁለተኛው ምክንያት በጨዋታ ላይ ብዙ ሰው በልምምድ መትቶት የማያውቀውን ምት ስለሚሞክር ነው። በጀማሪ ደረጃ አብዛኛው ነጥብ የሚያልቀው በድንቅ ምት ሳይሆን በስህተት ነው። በአራተኛው ኳስ ላይ የሚሳሳት ሰው በሁለተኛው የሚሳሳተውን ያሸንፋል።

ስለዚህ ልምምዱን ራሱን ወደ ጨዋታ ያስጠጉት። ከእያንዳንዱ ሰዓት 20 ደቂቃውን ለነጥብ ይስጡ፦ ኳሱን ከእጅ በታች ያስጀምሩ፣ እስከ 11 ይቁጠሩ፣ ከሦስተኛው ኳስ በፊት በኃይል መምታት ክልክል ይሁን። ጨዋታ ላይ ደግሞ አንድ ቀላል ዕቅድ ይበቃል፦ በሰያፍ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ተጋጣሚ ባክሃንድ። ከሜዳው ውጭ የጎተተዎት ኳስ ሲመጣ ነጥቡን ለመጨረስ አይሞክሩ፤ በጣም ከፍ አድርገው ይመልሱት፣ ወደ መካከል ለመመለስ ጊዜ ይገዛልዎታል።

ዳኛ በሌለበት ኳሱ ገባ ወጣ የሚለውን ማን ይወስናል? አወዛጋቢዎቹስ ሕጎች?

እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ በኩል ያረፈውን ይወስናል፤ በመካከል ከመረቡ ማዶ ሆኖ «ገብቷል» ብሎ መከራከር የለም። መስመሩን በጥቂቱም ቢሆን የነካ ኳስ ገብቷል። በግልጽ መውጣቱን ካላዩ ለተጋጣሚዎ ይስጡት፤ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይደገም» የሚለው ልማድ ሕጉን አይከተልም።

ሰርቭ መረቡን ነክቶ ትክክለኛው ሳጥን ውስጥ ካረፈ ይደገማል፤ በመመላለስ መካከል መረብ ነክቶ የገባ ኳስ ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ከኋላ መስመር ውጭ ቆመው ሳለ ኳሱ ሳይነጥር ሰውነትዎን ወይም ልብስዎን ከነካ፣ በግልጽ ሊወጣ ቢሆንም፣ ነጥቡ የተጋጣሚዎ ነው። ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ ራኬትዎ፣ ልብስዎ ወይም ሰውነትዎ መረቡን ከነካም እንዲሁ። ከጎረቤት ሜዳ ኳስ ተንከባልሎ ከገባ ወዲያው ያቁሙና ነጥቡን ይድገሙ፤ ከመስመሩ በላይ የረገጡት ኳስ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ፦ ኳሱ በእርስዎ በኩል ነጥሮ በሽክርክሪቱ ወይም በነፋስ ተመልሶ ወደ ተጋጣሚዎ ከተሻገረ፣ ራኬትዎን ከመረቡ በላይ አሳልፈው ሊመቱት ይችላሉ። መረቡን አይንኩ፣ የተጋጣሚዎንም ሜዳ አይርገጡ። ሳይነኩት ካለፈዎት ነጥቡ የተጋጣሚዎ ነው።